በእግሩ የሄደው ፉል ቤት

ደሴን ማን አቀዳት ብላችሁ ብትጠይቁኝ ፍየል ናት እላችኋለሁ። አትሳቁ። ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር ተወልዶ ያደገ ሰው ይህን የሚናገረው ከመጽሐፍ አንብቦ ሳይሆን ከጉልበቱ ነው። ፍየሏ ሣር ፍለጋ ወደ ጦሳ ተራራ ሽቅብ ወጣች፣ መንገድ ሆነ። ውሃ ጠምቷት ቁልቁል ወረደች፣ ሌላ መንገድ ሆነ። ደክሟት ጋደም ያለችበት ቦታ ላይ አንዱ መጣና ሱቅ ከፈተ። እሱን አይቶ ሌላው ከጎኑ ከፈተ። ቧንቧ ውሃ የሚባለው ሰፈር ሄዳችሁ እዩ፤ የታችኛው ሰው ጣሪያ ለላይኛው ሰው ደጃፍ ሊሆን ትንሽ ነው የቀረው። ግን እስኪ ንገሩኝ፣ ደሴ ገብቶ የሚገዛውን ያጣ ገበያተኛ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ኮምቦልቻ ሌላ ናት። ሜዳ ናት፤ ለማስመሪያ የተፈጠረች። በደርግ ጊዜ ፕላን ሊያወጡ ከአዲስ አበባ የመጡት ሰዎች መጀመሪያ የወጡት ደሴ ነው አሉ። ተራራውን ቀና ብለው አዩ፣ ገደሉን ጎንበስ ብለው አዩ፣ ከዚያ የያዙትን ማስመሪያ አዩ። ምሳቸውን በልተው ወደ ኮምቦልቻ ወረዱ። ደሴ ለጊዜው የተረፈችው እንዲህ ነው። ኮምቦልቻ ግን ወዴት ትሸሽ?

እኔ ያኔ እዚያው ኮምቦልቻ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ጸሐፊ ነበርኩ። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልነግራችሁም። በጣም ረጅም ከመሆኑ የተነሣ ባለጉዳይ አንብቦ እስኪጨርሰው የመጣበትን ይረሳ ነበር። ሥራችን ግን አጭር ነው፤ መከልከል። ቤት መሥራት ክልክል። ማስፋት ክልክል። ሱቅን ከቦታ ወደ ቦታ ማዛወር፣ እሱማ አይወራም። የሚፈቀደው ጥገና ብቻ ነበር፤ ያውም በአንድ ማመልከቻ አንድ ግድግዳ። ቅጹ ላይ የፊት፣ የኋላ፣ የቀኝ፣ የግራ የሚል አለ። ከአራቱ አንዱ ላይ እኔ ምልክት አደርጋለሁ፣ አለቃዬ ይፈርማሉ፣ ማኅተም ይመታል። አገር የሚያድገው በዚህ ነው ተብለን ነበር።

ፕላኑ ከአለቃዬ ወንበር ጀርባ ተሰቅሏል። አቤት ሲያምር! ቡኒው ፋብሪካ፣ ሰማያዊው መኖሪያ፣ ቢጫው ንግድ፣ አረንጓዴው መናፈሻ። ሰው ከሰማያዊው ይነሣል፣ ቡኒው ላይ ይሠራል፣ ቢጫው ላይ ይሸምታል፣ አረንጓዴው ላይ ይናፈሳል፣ ሲመሽ ወደ ሰማያዊው ይመለሳል። የት ቁጭ ብሎ ምሳ እንደሚበላ የሚያሳይ ቀለም ግን አላየሁም። አንድ ቀን ይህንኑ አለቃዬን ብጠይቃቸው፣ ጥያቄህ የንዑስ ከበርቴ ጥያቄ ነው አሉኝ። በዚያ ዘመን እንዲህ ከተባላችሁ ሁለተኛ ምሳ አያምራችሁም።

አሁን ወደ ሐጂ ኑርሁሴን ልውሰዳችሁ። ሐጂ ፉል ቤት ነበራቸው። አያታቸው ከየመን ባሕር ተሻግረው በአሰብ በኩል ሲመጡ ከለበሱት ልብስ ሌላ የያዙት አንድ ትልቅ የፉል ድስት ብቻ ነበር ይባላል። ድስቱ ያው ራሱ ነው ይላሉ ሐጂ። እኔ አልተከራከርኩም። ቤታቸው ከአሰብ የሚመጣው መንገድ እጥፍ የሚልበት ጥግ ላይ ነው። ከወደብ ጭኖ የመጣ ከባድ መኪና እዚያ ሲደርስ የግዱን ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ሲቀንስ የፉሉ ሽታ ይደርሰዋል፤ ሽታው ሲደርሰው ይቆማል። ሹፌሩ እስኪበላ ጎማው ይጠገናል፣ ስለዚህ ጎማ ጠጋኝ መጣ። ጎማው እስኪጠገን ፂም ይላጫል፣ ስለዚህ ፀጉር አስተካካይ መጣ። ከዚያ ልብስ ሰፊው፣ ከዚያ ብርቱካን ሻጯ። አንድ ሰፈር ሙሉ በአንድ ድስት ባቄላ ይተዳደር ነበር፤ ማንም አላቀደውም።

ፕላኑ ግን እጥፋቱን አልወደደውም። እጥፋት ኋላ ቀርነት ነው ተባለ። መንገዱ ቀጥ ተደረገና ከሐጂ ደጅ ሠላሳ እርምጃ ርቆ ሄደ። የድሮው መንገድ መግቢያና መውጫው በአፈር ተደፈነ። በመሃል የቀረው ባዶ ቦታ አረንጓዴ ክልል ሆነ፤ ችግኝ ተተከለበት፣ ችግኙን ላም በላችው፣ በሪፖርቱ ላይ ግን ጸደቀ። የንግድ ክልሉስ? እሱ ከከተማው ዳር፣ ከመንገዱ የግማሽ ሰዓት የእግር መንገድ ርቆ፣ በብሎኬት ተሠራ። ለምን ራቀ ብትሉ፣ ገበያተኛ በመኪና እንዳይገጭ ነው። እውነትም ከዚያ በኋላ ቢጫው ላይ አንድም ሰው አልተገጨም። ሰው በሌለበት ማን ይገጫል?

ሠላሳ እርምጃ ምን አላት ትሉኝ ይሆናል። ለእናንተ ምንም። ሹፌር ግን ቀጥ ያለ መንገድ ካገኘ ይበራል እንጂ አያሸትም። ቢያሸትም ደግሞ ጭነቱ ከእጁ ከራቀ ጉርሻ አይወርድለትም፤ ሠላሳ እርምጃ ለሌባ ሰፊ አገር ነው። እናም መኪኖቹ ክላክስ እያደረጉ ለሐጂ ሰላምታ እየሰጡ ያልፉ ጀመር። ሐጂም እጃቸውን ያነሣሉ። በሰላምታ ደግሞ ቤት አይተዳደርም። ትልቁ ድስት ተሰቀለና ትንሹ ተጣደ፤ ቆይቶ የትንሹም ግማሽ ብቻ። ዋናው ስጋት ሌላ ነው። ያኔ የተዘጋ ንግድ ቤት እንደተተወ ይቆጠርና ለቀበሌ ይሆናል። ሐጂ አንድ ወር በራቸውን ቢዘጉ ቤቱ ሄደ ማለት ነው። ከዚያ ሌላ የሚገቡበት የላቸውም።

ቢሮ መጡ። ሰላምታው ብቻ ሩብ ሰዓት ፈጀ። ከዚያ ቤቴን ወደ መንገዱ ጠጋ ላድርግ አሉኝ። ክልክል ነው አልኳቸው። ከፊት ለፊት ዳስ ልጣልስ? ክልክል። ጠረጴዛ ላውጣ? እሱም። እሺ፣ የተፈቀደው ምንድን ነው አሉኝ። ግድግዳ መጠገን አልኳቸው፣ አንድ በአንድ። ሐጂ «አጃኢብ ነው» ብለው ወጡ።

በሳምንቱ ተመልሰው መጡ። የኋላውን ግድግዳ ላድስ አሉ። ምልክት አደረግኩ፣ አለቃዬ ፈረሙ። ሐጂ ጎረቤቱን ጠሩ፣ ደቦ ወጣ፣ ዱአ ተደረገ፣ የኋላው ግድግዳ ፈረሰ። አዲሱ ግድግዳ የቆመው ግን ስድስት እርምጃ ወደ ውስጥ ገብቶ ነው። አሥር እርምጃ የነበረው ቤት አራት እርምጃ ቀረ። በላተኛ ጎን ለጎን ተሰልፎ፣ ክርኑን ሰብስቦ ይበላ ጀመር። አለቃዬ ሜትራቸውን ይዘው ሄዱ፤ ለኩ፤ ቤቱ ጠቧል። ማስፋት ክልክል ነው እንጂ ማጥበብ ክልክል ነው የሚል ደንብ የለም። እንዲያውም ለሕዝብ መሬት የተቆረቆሩ ነጋዴ ብለው አመሰገኗቸው።

ሁለት ወር ቆይተው ሐጂ እንደገና መጡ። አሁን ደግሞ የፊቱን ልጠግን፤ ቤቴ ከወረቀቴ ልክ አንሷልና ወደ ልኩ ልመልሰው አሉኝ። ወረቀቱን አየሁ፤ አሥር እርምጃ ይላል። ልክ ናቸው። ምልክት አደረግኩ። ደቦው መጣ፣ ዱአው ተደረገ፣ ከኋላ የተነሣው ቆርቆሮ ከፊት ተመታ። የጎኑ ግድግዳ ከፊተኛው ጋር ነው የሚቆጠረው፣ ስለዚህ እሱም አብሮ ተከተለ። አለቃዬ ለኩ። አሥር እርምጃ። እንከን የለውም። ቤቱ ያው ቤት ነው፣ ስፋቱ ያው ስፋት ነው፤ ነገር ግን ወደ መንገዱ ስድስት እርምጃ ተጠግቷል።

ይህ የገባኝ ያን ቀን ምሳዬን ልበላ ስሄድ ነው። የሐጂን ባለቤት እትዬ ሐዋን አየኋቸው፤ ቤት ውስጥ ስፌት ይሠራሉ። ነገሩን ያሰቡት እሳቸው ናቸው። የጨርቅ ሥራ ነው አሉኝ፤ ከኋላ ትሰበስበዋለህ፣ ከፊት ትለቀዋለህ፣ ጨርቁ አይጨምርም አይቀንስም። እትዬ፣ ቢታወቅስ አልኳቸው። መርፌያቸውን ጥርሳቸው ላይ እንደያዙ «አብሽር ይመር! ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» አሉኝ።

ይመር እኔ ነኝ። ለምን ዝም አልክ ትሉኛላችሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደስ ብሎኝ ነው። በየቀኑ የማይበቅል ችግኝ አበበ እያልኩ የምጽፍ ሰው፣ በዓመት አንድ ጊዜ እንኳ እውነት የሚንቀሳቀስ ነገር ሳይ እንዴት ልጩህ? ደግሞም ደንቡን ያወጣው ሰው የቤት ስፋት እንዲለካ አዘዘ እንጂ ቤቱ የት እንደቆመ እንዲለካ አላዘዘም። እኔ ከደንብ ልበልጥ ነው?

እንዲህ እንዲህ እያለ ቤቱ በዓመት ስድስት እርምጃ ይጓዛል። ክረምት ሊገባ ሲል ይጠባል፣ በጋ ሲሆን ይመለሳል። ሰፈሩ ዝም ብሎ አላየም። ጎማ ጠጋኙ ለኋላ ግድግዳ አመለከተ። ፀጉር አስተካካዩ ተከተለ። ልብስ ሰፊውማ ዘዴው ከሙያዬ የተሰረቀ ነው ብሎ ተቆጣና እሱም አመለከተ። ቤቶቹ ሁሉ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ወደ መንገዱ ሰልፍ ወጡ። የቀበሌው ሊቀ መንበር ደቦውን አዩና የኅብረት ሥራ ዘመቻ መሰላቸው። መጥተው መፈክር አሰሙ፣ ሕዝቡም እጁን አነሣ፣ እሳቸውም አንድ ማገር በእጃቸው አቀበሉ። ሐጂ በጣም አመሰገኗቸው።

በአምስተኛው ዓመት ፉል ቤቱ መንገዱ ዳር ደረሰ። የመጀመሪያው መኪና ሲቆም እዚያው ነበርኩ። ሹፌሩ ወረደ፣ ቤቱን አየ፣ ወደ ኋላ ዞሮ የድሮውን ቦታ አየ፣ ዓይኑን አሸት አሸት አደረገ። ሐጂ ግባ ልጄ አሉት፣ እኛ ነን። ትልቁ ድስት ከተሰቀለበት ወረደ። ከወር በኋላ መኪና ማቆሚያ ጠፋ። ቲማቲም መጣ፣ ሸንኮራ መጣ፣ ከባቲ በኩል ፍየል የሚነዳ መጣ፣ ራዲዮ ጠጋኝ መጣ። በዚያው ጊዜ ቢጫው ክልል ውስጥ ላሞች ጥላ አግኝተው ያመሰኳሉ። አለቃዬ ስለ ንግድ ክልሉ ሪፖርት ጻፍ ሲሉኝ፣ ክልሉ አገልግሎት በመስጠት ላይ ነው ብዬ ጻፍኩ። ለማን እንደሆነ አልጠየቁኝም።

ታዲያ ደስታ መች ይሰነብታል? መሐንዲሱ መጣ። ያው ፕላኑን የሣለው ሰው፣ ሥራዬ እንዴት ከረመ ብሎ። ሥዕሉን ጠቅልሎ በብብቱ ይዞ መንገዱ ላይ ቆመ። ሥዕሉን ያያል፣ ቤቶቹን ያያል። ሥዕሉ ላይ አረንጓዴ የሆነው ቦታ ላይ ሽንኩርት ይቁላላል። እነዚህ ቤቶች እዚህ ምን ይሠራሉ አለ። አለቃዬ ፊታቸው አመድ መሰለ። ፈቃዱን ማን ጻፈው ብለው ወደ እኔ ዞሩ። እኔ አልኩ። ማን ፈረመው አሉ። እርስዎ አልኩ። ከዚያ ወዲያ አልጠየቁም። ያን ጊዜ የኢኮኖሚ አሻጥር የሚባል ክስ ነበር፤ ለአሻጥረኛ ምሳ የሚያቀርበው ደግሞ ወኅኒ ቤት ነው።

መሐንዲሱ ለካ። አሥር እርምጃ። ደግሞ ለካ። አሥር። ይህ ቤት ያለ ቦታው ነው የቆመው፣ መፍረስ አለበት አለ። ሐጂ ገቡና የቤታቸውን ወረቀት ይዘው ወጡ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ያን ቀን ግን ሞኝ አልነበረም፣ ወረቀቱ ብቻ ነበር። የኛ አገር የቤት ወረቀት መቼም ታውቁታላችሁ፤ ቤቱ የት ነው ሲባል በአዋሳኝ ነው የሚናገረው። በኋላ በኩል የእገሌ አጥር፣ በቀኝ የእገሌ ግቢ። የሐጂ ወረቀት ስለ ፊቱ ምን ይላል? በፊት በኩል የአሰብ መንገድ ያዋስነዋል ይላል። ማኅተም አለው።

«የኔ ልጅ» አሉት ሐጂ ድምፃቸውን ሳያነሡ፣ «እኔን የመንገድ ዳር ሰው ነህ ብሎ የጻፈልኝ መንግሥት ነው። መንገዱ ጥሎኝ ሄደ። ከወረቀቴ ውጭ ስሆን ጊዜ ወላሂ እንቅልፍ አጣሁ። እኔ ወደ ወረቀቴ ተመለስኩ እንጂ የትም አልሄድኩም። ያለ ቦታው የሄደው መንገዱ ነው፤ ጠይቀው እስኪ፣ ፈቃድ አለው?»

መሐንዲሱ ወረቀቱን አገላበጠ። ቁጭ አለ። እትዬ ሐዋ ፉል አቀረቡለት፣ ደገሙለት። ሁለተኛውን ሲጨርስ ላጲሱንና ባለቀለም እርሳሱን አወጣ፣ ሥዕሉን ጉልበቱ ላይ ዘረጋ፣ ከመንገዱ ዳር ያለውን አረንጓዴ ፋቀና ቢጫ ቀባው። ይህ ከዛሬ ጀምሮ የንግድ ክልል ነው አለ። ሰፈሩ እልል አለ። ሐጂ አለቀሱ። አለቃዬ ፕላኑን በተሳካ ሁኔታ ተግባራዊ ስላደረጉ የምስክር ወረቀት ተሸለሙ፤ ለእኔም አንድ ደረሰኝ።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ እንዴት ባማረ! ግን የንግድ ክልል ሲባል የራሱ ደንብ አለዋ። ወር ሳይሞላ ደብዳቤ ወጣ። በንግድ ክልል ውስጥ የጭቃ ግድግዳ አይፈቀድም። ቤቶቹ ይፍረሱና በቦታው ደረጃውን የጠበቀ የመንግሥት መደብር ይሠራ ይላል። ሐጂ አረንጓዴው ላይ በሕገ ወጥነት አምስት ዓመት ኖሩ፤ ሕጋዊ ሆነው ግን ሠላሳ ቀን አልሞላቸውም። ደብዳቤውን በታይፕ የመታሁት እኔ ነኝ። በራሴ አፍሬ ነበር። አፍሬም መታሁት።

ወስጄ የሰጠኋቸውም እኔው ነኝ። ሐጂ አነበቡት፣ አጠፉት፣ ኪሳቸው ከተቱት። ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝና «አብሽር፣ አንተ ምን ታደርግ» አሉኝ። ቢሰድቡኝ በቀለለኝ።

ድስቱንና የእትዬ ሐዋን የስፌት መኪና ጭነው ደሴ ወጡ። ቧንቧ ውሃ ላይ የእትዬ ሐዋ ወንድም ቤት ሥር አንዲት ክፍል አገኙ፤ ጣሪያዋ የላይኛው ጎረቤት ደጃፍ ናት። ኮምቦልቻ ላይ መደብሩ ተሠራ፤ ብሎኬት፣ ሰፊ መስኮት፣ ትልቅ ሰሌዳ። ዕቃ ሲመጣ ሰልፍ ነው፣ ዕቃ ሳይመጣ እንቅልፍ። ሹፌሮቹ ክላክስ እንኳ ሳያደርጉ ያልፉታል። ስብሰባ ተጠራ። የንግድ ክልሉ ለምን አላደገም ተባለ። ብዙ ከተመከረበት በኋላ ምክንያቱ ተገኘ፤ ክልሉ ጠባብ ስለሆነ ነው። ቢጫው እንዲሰፋ ተወሰነ።

አንድ እሑድ ሐጂን ልጠይቃቸው ደሴ ወጣሁ። ክፍሏ ጢም ብላለች። ወደ ሰሜን የሚያልፉ ሹፌሮች መኪናቸውን ታች አቁመው ይወጣሉ፤ ዳገት ላይ ስለሆነ ጭነታቸውን ከላይ ሆነው እያዩ ይጎርሳሉ። ከሐጂ በር ቀጥሎ ጫማ ሰፊ ተቀምጧል፣ ከእሱ ቀጥሎ ሳጥን ላይ የተደረደረ ሳሙና አለ፣ ከሳሙናው ቀጥሎ ጣፋጩን ሙሸበክ የሚጠብስ ሰው። ደስ አለኝ። ገብቼ ልቀመጥ ስል ማንን አየሁ? መሐንዲሱን። ፉሉን እየበላ ነው፣ ያውም እያላበው።

ሐጂ የአላህ እንግዳ ነው ብለው እንደማንኛውም ሰው አስተናግደውታል። ቂም አያውቁም። እኔም ሰላም አልኩትና ከጎኑ ተቀመጥኩ፤ የኔም ቀረበልኝ። መሐንዲሱ ዳቦውን እየቆረሰ በበሩ በኩል ወደ ውጭ አየ። ግርግሩን አየ፣ ጠመዝማዛዋን መንገድ አየ፣ ታች የቆሙትን መኪኖች አየ። ሰፈራችሁ እንዴት ደስ ይላል አለ። ሐጂ አልሀምዱሊላህ አሉ። እሱ ግን አልጨረሰም። የመጣሁትም ለዚሁ ነው፣ እንዲህ ያለ ሞቅ ያለ ሰፈር ትንሽ ፕላን ቢያገኝ የት በደረሰ አለ።

ሐጂ ኑርሁሴንን ያን ያህል ዘመን ሳውቃቸው፣ ሰው በልቶ ሳይጠግብ ሳህን ሲያነሡ አይቻቸው አላውቅም ነበር። ጎንበስ አሉና፣ ዳቦው እጁ ላይ እንዳለ፣ ግማሽ ፉሉን ከፊቱ አንሥተው ይዘውት ወደ ጓዳ ገቡ።

እኔም የመሥሪያ ቤት ሰው አይደለሁ? ተራው ሳይደርሰኝ ብዬ የራሴን ቶሎ ቶሎ ጎረስኩ።